ባልዲው የያዘልኝ ቦታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቆጠራው ነበር። መሥሪያ ቤቱ የታተመ ቅጽ ሲሰጠኝ ደብተሩ ሥራ ፈታ፤ እኔም ወሬ ልሙላበት ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ስጽፍ አይቶኝ "እኔን ልታሚኝ ነው?" አለ። ገና አልወሰንኩም።

ሥራዬ መቁጠር ነው። በከተማው የትራፊክ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ቆጥሬአለሁ፤ መስቀለኛ መንገድ የሚያቋርጡትን፣ ድልድይ ላይ የሚሰለፉትን፣ ዘንድሮ ደግሞ የቆሙትን። የቆመ መኪና መቁጠር ቀላል ይመስላል። አይሸሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሃል ከተማ ያለው አሮጌ የስፖርት አዳራሽ ፈርሶ አሬና የሚሉት ዘመናዊ አዳራሽ ሊሠራ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ስለቆየ አሬናውን የሚጠላ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ጠቡ መኪና የት ይቁም በሚለው ላይ ነው። ከወጪው ሲሶውን እሰጣለሁ የሚለው የአረንጓዴ ፈንድ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ አዲሱ ማቆሚያም ከመቶ ሃምሳ መኪና እንዳይበልጥ። የአካባቢው ነጋዴዎች ደግሞ ስምንት መቶ መኪና የሚይዝ ባለ አራት ፎቅ ማቆሚያ ካልተሠራ አለቀልን ይላሉ። ፎቁ የታሰበው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ችግኝ ጣቢያው ላይ ነው።

የችግኝ ጣቢያው ኃላፊም፣ አትክልተኛም፣ ዘበኛም ጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ። እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ፀጉሬን እያበጠረ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ የነበረው እሱ ነው። ሲያበጥር ያሳምም ነበር።

ታዲያ ማቆሚያ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም የሚለውን ማን ቆጥሮ ያምጣ ሲባል፣ እኔ።

በአዳራሹ ዙሪያ አምስት መንገድ፣ ሦስት መቶ አስር የማቆሚያ ቦታ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ ሁለት በየሰዓቱ አንድ ዙር፣ በቀን አስራ አንድ ዙር። ለእያንዳንዱ ቦታ "ተይዟል" ወይም "ባዶ" ይጻፋል፤ ከጎኑ የታርጋው የመጨረሻ ሦስት ቁጥር። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ አስራ አንዱንም ዙር ዞርኩ። መንገዱ ሙሉ ነው። ባዶ ቦታ እንደ ወላቃ ጥርስ እዚህና እዚያ ብቻ ነው።

ታርጋ መጻፉ ግን ያዘገያል። ደግሞም ይሰለቻል፤ ያው ቁጥር ነው የሚመላለሰው።


ረቡዕ፣ የካቲት 5። ምሳ ሰዓት፣ መኪናዬ ውስጥ

ባጭሩ ልጻፍ፤ የሰባት ሰዓቱ ዙር ደርሷል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ደግነቱ መኪናዬ ጥላ ስር ናት። ከችግኝ ጣቢያው አጥር ውጭ አንድ ትልቅ ጃካራንዳ አለ፣ ከሥሩ አንዲት ቦታ፤ ከቢሯችን የሦስት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ጋሼ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቶ ባልዲ ደፍቶ ይይዝልኛል። ስደርስ ባልዲውን ያነሳና "ግቢ" ይለኛል፣ ቤቱ የመጣሁ ይመስል። ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

ታርጋ መጻፉን ልተወው ወይ ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ነው። ነገር ሁሉ "መቶ በመቶ" ስለሆነበት ቢሮው በሙሉ፣ እሱ በሌለበት፣ መቶ በመቶ ነው የሚለው። "እናታችን፣ ጊዜ የለንም። የተያዘው ብዛት ይበቃናል፣ መቶ በመቶ" አለኝ። እናታችን የሚለኝ ደስ ሲለው ነው፤ ሲከፋው ስሜን ከነአባቴ ይጠራል።

ስለዚህ ዛሬ ታርጋ የለም። የትናንቱን ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

መኪናዬ በፍሬን ምክንያት ጋራዥ ገባች። በባለቤቴ መጣሁ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የሰባት ቁጥር። እንደገባሁ በማይክራፎኑ "ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ዛሬ እመቤቲቱ አብረውን ናቸው" አለ። ተሳፋሪው አራት ሰው ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

በሁለት ሰዓቱ ዙር ጃካራንዳው ስር ስደርስ ባልዲው ተደፍቶ ይጠብቃል። ጋሼን "አንሳው፣ ዛሬ መኪና የለኝም" አልኩት። "ጋራዦቹ ቶሎ ከጨረሱስ?" ብሎ ተወው። ቅጹን አየሁ። ባልዲ የሚል ሳጥን የለውም። "ተይዟል" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ "እኔንም ቁጠሪኝ እንጂ" አለ፤ ሳቅን።

ባልዲው እስከ አስራ ሁለት ሰዓት አልተነሳም። አስራ አንድ ጊዜ "ተይዟል"።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ሪፖርቱ ወጣ። ድምሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሦስቱ ቀን አማካይ፣ በቀን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አስራ ሁለት "ተይዟል"። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ግን መቶ በመቶ ነው፦ "በአካባቢው በየቀኑ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ በላይ ተሽከርካሪዎች ማቆሚያ ይፈልጋሉ።"

እኔ እንዲያ አላልኩም። እኔ ያልኩት፣ በዞርኩ ቁጥር ይህን ያህል ቦታ ተይዞ አገኘሁ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትንሽ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ድምሩ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 14

ደረጃ ላይ የሰማሁት። ከውሃ ክፍል የሆኑ ሁለት ሴቶች ከፊቴ እየወጡ ነው።

"እኔማ አንድ ተኩል ካለፈኝ አለቀ፣ ቦታ የለም። ዛሬ ሦስት ጊዜ ዞሬ ነው ያገኘሁት።"

"ያ ፎቅ ቢሠራልን እንገላገል ነበር።"

"ለእኛ የሚሠራ መስሎሻል?"

"ታዲያ ለማን ነው?"

ተሳሳቁ። ዞር ሲሉ አዩኝና "ቆጣሪያችን፣ በርቺልን!" አሉኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። በምኑ እንደምበረታላቸው እንጃ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የመጀመሪያው የሕዝብ ውይይት፣ እዚያው አሮጌው አዳራሽ ውስጥ። የመረብ ኳስ አሰልጣኟ በር ላይ ቆማ "ወንበር አትጎትቱ! ያለን ነገር ወለሉ ብቻ ነው!" እያለች ሁላችንንም እንደ ሕፃን አስገባችን። ሰዉ ወንበሩን ተሸክሞ ገባ።

ጫማ ነጋዴው ቀድሞ ተነሳ። "ደንበኛዬ ጫማ ሊለካ መጥቶ መኪናውን የሚያቆምበት ሲያጣ ሄዶ ሌላ ጋ ይለካል። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ መኪና! እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ባለሙያ ቆጥሮ ነው።" ባለሙያ ሲል አንገቴን ደፋሁ። ከፈንዱ የመጣችው ሴት ድምጿን ሳትጨምር "ስምንት መቶ መኪና ከሆነ እኛ የለንበትም፤ ገንዘቡ ሌላ ከተማ ይሄዳል" አለች። ጉርምርምታው በረታ። ያኔ አሰልጣኟ ወንበር ላይ ወጣች፣ ራሷ። "ልጆቼ ክረምት ሲመጣ ኩሬ እየዘለሉ ነው የሚጫወቱት። ጣሪያ ስጡን፤ ከፈለጋችሁ መኪናችሁን ጣሪያው ላይ አቁሙት!" አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ከዚያ ማን አየኝ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ጋሼ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ መጥቷል። አልተናገረም። አንዱ "ችግኝ እኮ የትም ይበቅላል" ሲል ብቻ ቀና ብሎ አየው፣ መልሶም ወደ ጉልበቱ አቀረቀረ።

ስንወጣ "ብዙ ቆጥረሻል" አለኝ።

"ሥራዬ ነው" አልኩት።

"እሱማ" አለ። እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ በሩን ዘጋልኝ።

ለምን "ሥራዬ ነው" አልኩት? ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቶ ነው? የሰውየው መሬት እኮ ነው የሚሄደው። ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት። ቢያንስ "አይዞህ" አይባልም? ምላሴ ተሳስሮ አይደለም፤ አይዞህ ካልኩት ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ፈርቼ ነው። ምን እንደሆነ ዛሬ አልጽፈውም። ደክሞኛል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ባለቤቴ ልብስ እያሰጣ አላስቀምጥ አለኝ።

"ቆይ እስቲ፣ እነዚህ ሦስት ሺህ መኪኖች ማታ የት ነው የሚገቡት?"

"ቤታቸው።"

"አስራ ሁለት ሰዓት አልፎ በዚያ ሳልፍ እኮ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚወጣው። አውቶቡሴን አላስወጣ ይለኛል። ከዚያ እልም። ሦስት ሺህ አይመስልም። ደግሞ ግማሹን በመልክ አውቀዋለሁ፤ በናንተ በዓመት በዓል ግብዣ ላይ የበላ ሁሉ ነው።"

"አንተ አውቶቡስህን ንዳ" አልኩት።

"ባዶውን?" አለ፣ ካልሲ በእጁ ይዞ። ጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን ተነስቼ ገባሁ። በኋላ ሻይ አምጥቶልኝ ምን እንዳስቀየመኝ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ምንም አላስቀየመኝም፤ እውነቴን ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 27። መኪና ውስጥ

ለጋሼ ደብዳቤ ደርሶታል። ምክር ቤቱ መጋቢት 16 ድምፅ ይሰጣል። ፎቁ ካለፈ ችግኙ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይነሳል፤ እሱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ለቀረው ሰው መጥረጊያና አምፖል ማስረከብ!

ችግኙ በጭነት መኪና ይሄዳል። ዘር የሚለቀምባቸው ትልልቆቹ ዛፎች ግን አይሄዱም። አስራ ዘጠኝ ናቸው፤ እያንዳንዱን ከፍሬ ነው ያበቀለው። ጃካራንዳውም ይቆረጣል፤ የፎቁ መግቢያ በዚያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ባልዲውን ሲያነሳ "ግቢ" አላለም። እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ጠቆመ። አበባው መስታወቴ ላይ ይረግፋል፣ ሰማያዊ ነው፣ አልጠረግኩትም።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

መሳቢያውን ከፈትኩ።

እሺ፣ ልጻፈው። ደብተሩ የኔ ነው፣ አንባቢው እኔ ነኝ፣ ማንን ነው የምደብቀው?

የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ ታርጋ አለ። ሁለት ሰዓት፣ ጃካራንዳው ስር፦ 417። ሦስት ሰዓት፦ 417። አራት ሰዓት፦ 417። እስከ አስራ ሁለት ሰዓት እንዲሁ ይወርዳል። 417 የኔ መኪና ናት። እኔ መኪናዬን አስራ አንድ ጊዜ ቆጥሬ አስራ አንድ መኪና አደረግኋት።

ከጎኗ 206፣ የመቶ በመቶ ነጭ መኪና። እሷም አስራ አንድ ጊዜ። ከዚያ የውሃ ክፍል፣ የሕንፃ ፈቃድ ክፍል፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩ። በየዙሩ ሳልፍ አውቃቸው ነበር። ያን ቀን አስር ሰዓት ላይ 417 ብዬ ስጽፍ ብዕሬ ያዝ አደረገኝ፣ ፊቴም ጋለ፤ መንገድ ላይ ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ። በማግስቱ ታርጋ አልጽፍም ያልኩት ስለሚያዘገይ አልነበረም። የተለያዩትን ታርጋዎች ዛሬ ለየሁ፤ ስድስት መቶ አስራ ስምንት መኪና። ከእነሱ ሁለት መቶ ሃያው ከጠዋት እስከ ማታ ንቅንቅ አላሉም።

ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አስራ ሁለት የሚባል መኪና የለም። እኛ ነን ያለነው፣ ቀኑን ሙሉ የቆምን።


ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ወረቀቱን ይዤ መቶ በመቶ ጋ ገባሁ። አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"የአንድ ቀን ናሙና ነው" አለ።

"አዎ።"

"በአንድ ቀን ናሙና ምክር ቤት አይቀርብም።"

"ድጋሚ ልቁጠር።"

"ጊዜው አልፏል።" ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እናታችን፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መኪናውን የት እንዲያቆም ነው የሚፈልጉት? የርስዎም እኮ እዚያው ናት፣ ያውም ጥላ ስር" አለኝ።

ይህን ያለኝ በትሕትና ነው። አመስግኜው ወጣሁ። ለምን እንደማመሰግን አላውቅም፤ ልማድ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 5

የዓመት እረፍቴ ላይ አንድ ቀን ወሰድኩ። መኪናዬን ቤት ትቼ በሰባት ቁጥር ሄድኩና ብቻዬን ቆጠርኩ፣ ከነታርጋው፣ አስራ አንድ ዙር። የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጥቂት መኪና ብቻ ቢይዝም፣ ሠራተኛው ሁሉ የመግቢያዋን ቢጫ ወረቀት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ዛሬ እሷንም መዘገብኩ። ቀኑን ሙሉ ከቆሙት ሁለት መቶ ሃያ አንድ መኪኖች መቶ ሰባ አራቱ ቢጫ ወረቀት አላቸው። የኔ ብትኖር መቶ ሰባ አምስት።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሼ ጠርቶኝ ገባሁ። በእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጥን። የችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከውጭ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የረጠበ አፈር ይሸታል። ወረቀቱን ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ 417፣ ስለ ፊርማዬ፣ ስለ መሳቢያው።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"እኔ እኮ አጥር ውስጥ ነኝ። የናንተው መኪና መሆኑን ለማወቅ መቁጠር አያስፈልገኝም።"

"ታዲያ በውይይቱ ለምን አልተናገርክም?"

የችግኝ ከረጢት አንስቶ ያልነበረውን አረም ነቀለ። "እነሱ ናቸው ካልኩ አንቺም አለሽበት። ደግሞ ባልዲውን የምደፋው እኔ ነኝ። የራሴን እህት ቦታ ይዤ ሌላው ለምን ያዘ ልበል?"

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ስምንት ዓመቴ ላይ ያለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። ጋሼ መሀረብ ስለሌለው የችግኝ መሸፈኛ ጨርቅ ሰጠኝ። ፊቴን ጭቃ አስመሰለው፤ "አሁን ሠራተኛ መሰልሽ" አለኝ። የሰባት ሰዓቱን ዙር በዚያው ፊት ዞርኩ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ከተናገርሽ ቢሮው ውስጥ ሻይ የሚሰጥሽ አይኖርም" አለ። "ካልተናገርሽ ደግሞ ቤት ውስጥ እንዲህ ስትቅበጠበጪ ልኖር ነው። እኔ ለራሴ ስል ተናገሪ ነው የምልሽ።"


ዓርብ፣ መጋቢት 12

አልናገርም። ፈንዱ ራሱ ይደርስበት ይሆናል። ባለሙያ አላቸው።


ሰኞ፣ መጋቢት 15። መኪና ውስጥ

አይደርሱበትም። ማን ይነግራቸዋል?

ነገ ነው። ጋሼ ጠዋት ባልዲውን ሲያነሳ የዛፉን ግንድ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ በሬ እንደሚያባብል። እንዳላየሁ ሆንኩ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

በሥነ ሥርዓት ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበር አልጎተትንም። መቶ በመቶ ሪፖርቱን አቀረበ፣ "ሦስት ሺህ ሁለት መቶ" ሲል ሰዉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው "ከድምፅ በፊት አስተያየት ያለው?" አለ። እጄን አወጣሁ። ወደ ማይክራፎኑ ስሄድ ጫማዬ ወለሉ ላይ ሲጮህ ተሰማኝ፤ አሰልጣኟ በእጇ "ቀስ" አለችኝ።

"ቆጣሪዋ እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ ጠፋብኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ግማሽ ገጽ። አንዱም አልመጣ ሲል ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ። "ጃካራንዳው ስር። ሁለት ሰዓት፣ 417። ሦስት ሰዓት፣ 417። አራት ሰዓት፣ 417..." ሰዉ ተያየ። ሰብሳቢው "ይቅርታ፣ ምንድን ነው የሚያነቡልን?" አለ።

"የራሴን መኪና" አልኩ። "አስራ አንድ ጊዜ ቆጥሬአታለሁ። ሪፖርቱ ውስጥ አስራ አንድ መኪና ሆና ነው ያለችው። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በቀን የሚመጣው ስድስት መቶ አስራ ስምንት መኪና ነው። ሁለት መቶ ሃያው ከጠዋት እስከ ማታ አይነቃነቅም። ከእነሱም መቶ ሰባ አምስት ያህሉ የእኛ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች፣ እኔን ጨምሮ። ሪፖርቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስፈርም አውቅ ነበር።"

መጀመሪያ የተነሳው ጫማ ነጋዴው ነው።

"ቆይ፣ ቆይ። ደንበኛዬ ቦታ የሚያጣው እናንተ ስለምትቆሙበት ነው?"

"አዎ።"

አሰልጣኟ ከበሩ ጋ፦ "ገንዘቡ ሌላ ከተማ ሊሄድብን የነበረው፣ ልጆቼ ጣሪያ ሊያጡ የነበረው፣ ለናንተ መኪና ተብሎ ነው?"

"አዎ" አልኩ። ሁሉንም ልጨርሰው ብዬ "በሦስተኛው ቀን ጃካራንዳው ስር የተያዘው በመኪና አልነበረም፤ ባልዲ ነው" አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከመጨረሻው ረድፍ ጋሼ ብድግ አለ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ እጁ እስከ ክርኑ ታጥቧል። ሳቁ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ።

"ባልዲው የኔ ነው" አለና ተቀመጠ።

ድምፅ አልተሰጠም። በውጭ ባለሙያ ድጋሚ ይቆጠር ተባለ። ስወጣ መቶ በመቶ በሩ ላይ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ "ደህና ይደሩ" አለኝ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ደረጃ ላይ ከውሃ ክፍል ሴቶች ጋር ተገናኘን። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው አሳለፉኝ፣ ዕቃ ለተሸከመ ሰው እንደሚያሳልፉት። ቆጣሪያችን ያለኝ የለም። በመኪናዬ መስታወት መጥረጊያ ላይ ወረቀት ተሰክቶ አገኘሁ፦ "ደስ አለሽ?"

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ደስ አላለኝም። ግን የመሳቢያው ነገር ከላዬ ወርዷል፣ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው እሱን አይደለም። ሻይ ራሴ አፍልቼ ጠጣሁ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬአለሁ። ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ሥራው ፋይል መደርደር ነው። በደብዳቤው ላይ ቅጣት የሚል ቃል የለም፤ "ለሥራው መቃናት" ይላል። የሪፖርት ፊርማዬን ከዚህ በኋላ እንደማይቀበሉ በቃል ነገሩኝ። ይገባቸዋል። ለራሴ ብዙም አላዘንኩም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ልክ ቆጥሬ አንድ ጊዜ ስሳሳት በዚያች በአንዷ መታወሴ ብቻ ነው የቆረቆረኝ።


ሰኞ፣ መጋቢት 29

ድጋሚው ቆጠራ ወጣ። ስድስት መቶ ሁለት መኪና። ስለ አስራ ስድስቱ ልዩነት ልከራከር አሰኝቶኝ ነበር።

ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጠ። አሬናው ይሠራል፤ ከጎኑ መቶ አርባ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ፣ ፎቁ ቀርቷል። ፈንዱ እሺ ብሏል። ችግኝ ጣቢያው አይነካም። ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ግን በአምስቱ መንገዶች ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም ክልክል ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ጭራሽ አይቆምም።

ለጋሼ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። "ውሃ ላጠጣ፣ መሽቷል" ብሎ ዘጋው። ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

በሰባት ቁጥር ሄድኩ፣ ቆሜ። አውቶቡሱ በእኛ ቢሮ ሰው ሞልቶ መቀመጫ የለም። ባለቤቴ በመስታወቱ እያየኝ "ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ይህ ሁሉ መጨናነቅ በእመቤቲቱ ነው" ሊል ማይክራፎኑን አነሳና ዓይኔን ሲያይ መልሶ ሰቀለው። የውሃ ክፍሏ ሴት ከጎኔ ቆማ ነበር። አውቶቡሱ ሲያንገዳግደን ክንዴን ያዘች፤ ፌርማታው እስኪደርስ አልለቀቀችም፣ አላየችኝምም።

ለመዝገብ ቤት ሩብ ሰዓት ቀርቶኝ በጃካራንዳው በኩል ዞርኩ። መንገዱ እንግዳ መሰለኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፋልቱ ይታያል፣ መኪና እዚህና እዚያ ብቻ። ጃካራንዳው ስር ያለችው ቦታ ላይ ባልዲው ተደፍቷል። ጋሼ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

"አልነገሩህም እንዴ? እዚህ ከዛሬ ጀምሮ አላቆምም" አልኩት።

"ነግረውኛል።" ተነስቶ ባልዲውን በመዳፉ ጠረገልኝና ከአጥሩ ሥር ለራሱ ድንጋይ አምጥቶ ከጎኑ አኖረ። "ግቢ" አለኝ።

ተቀመጥኩ። የመኪና ቦታ መሃል፣ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። አበባው ጭንቅላታችን ላይ ይረግፋል። እሱ ፀጉሬ ላይ የወደቀውን ይለቅማል፣ አሁንም ሲነካ ያሳምማል።

አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ አንዴ እኛን፣ አንዴ ቦታውን አየና ጥሩምባውን ነካ አደረገ።

"ተይዟል" አለው ጋሼ፣ ሳይነሳ።